ከካልጋሪ ቱክቶያክቱክ በ10 ቀን ይቻላል ወይ?

ሰላም እህታችን። «በጁላይ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ሚኒቫን ተከራይተን ከካልጋሪ ቱክቶያክቱክ፣ አርክቲክ ውቅያኖስ ዳር ድረስ በ10 ቀን ደርሰን መመለስ እንችላለን ወይ?» ብለሻል። መንገዱን ስለነዳሁት ልመልስልሽ። በ10 ቀን አይሆንም። እንደምንም ቢሆንም ልጆቹ የሚያስታውሱት የመኪና ወንበር ብቻ ነው።

ደርሶ መልሱ ከ7,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እስከ ዋይትሆርስና ከዚያም አልፎ ብዙም አያስቸግርም። ጣጣው የሚጀምረው ዶውሰን ሲቲ ለመድረስ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀራችሁ፣ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ ደምፕስተር የሚባለው አውራ ጎዳና ውስጥ ስትገቡ ነው። ከዚያ እስከ ኢኑቪክ ከተማ ወደ 740 ኪሎ ሜትር፣ ከኢኑቪክ ቱክ (ቱክቶያክቱክ) ደግሞ በ2017 እ.ኤ.አ. የተከፈተው መንገድ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሁሉም ኮረኮንች ነው ማለት ይቻላል። (ጂፒኤስ ላይ ዶውሰን ክሪክና ዶውሰን ሲቲን እንዳታምታቱ። አንዱ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ ሌላው ዩኮን ነው።)

ኪራዩን በተመለከተ ውሉን በደንብ አንብቡ። ብዙ አከራዮች ኮረኮንች ላይ መንዳት ይከለክላሉ፣ እዚያ ለሚደርስ ጉዳት ኢንሹራንሱ አይሠራም። ደምፕስተር መሀል ካለችው ማረፊያ፣ ከኢግል ፕሌንስ፣ መኪና በጎታች ማስመጣት ምን ያህል እንደሚያስወጣ አስቡት።

ዋናው ነገር ጎማ ነው። የደምፕስተር ድንጋይ እንደ ባልጩት ስለታም ነው፣ የከተማ ጎማን ይሸነትረዋል። ወፍራም የፒካፕ ጎማ ከሆነ ጥሩ። ስኮርታ ሁለት ያዙ፣ ያቺ ቀጭኗ ትንሿ ጎማ እዚያ ዋጋ የላትም። ክሪክ የምታስቀምጡበት ጠፍጣፋ ጣውላም አትርሱ። ያለሱ ክሪኩ ጠጠሩ ውስጥ ይሰምጣል እንጂ መኪናውን አያነሳም። ጎማ ለመቀየር ስትቆሙ ደግሞ ወደ ጠርዙ አትውጡ። ከሥር ያለው በረዷማ አፈር እንዳይቀልጥ ብለው መንገዱን በወፍራም ጠጠር ከፍ አድርገው ነው የሠሩት። ጠርዙ ልል ነው፣ ጎኑ ደግሞ ገደል መሰል ቁልቁለት። ቀጥ ያለና ከሩቅ የሚታይ ቦታ ምረጡ። ከባድ መኪና ከፊት ሲመጣ ፍጥነት ቀንሱ፣ መስታወታችሁ የሚተርፈው እንደዚያ ነው።

ነዳጅ ባገኛችሁበት ሙሉ። ከመገንጠያው እስከ ኢግል ፕሌንስ 369 ኪሎ ሜትር ምንም ማደያ የለም። ስልክም አይሠራም፣ ስለዚህ በሳተላይት መልእክት የሚልክ መሣሪያ ተከራዩ ወይ ተዋሱ።

ሁለት ወንዞች በጀልባ ትሻገራላችሁ፣ ፒልንና ማኬንዚን። ክፍያ የለውም። ነገር ግን ፒል ሲሞላ ጀልባው ሥራ ያቆማል፣ ዝናብም መንገዱን ይዘጋዋል። ጠዋት ጠዋት የዩኮንንና የኖርዝዌስት ቴሪቶሪስን የመንገድ መረጃ ሳታዩ አትነሱ። ቢያንስ ሁለት ትርፍ ቀን መያዝ ያለባችሁ ለዚህ ነው። ሰኞ ሥራ መግባት ያለበት ሰው ወንዝ ዳር ተቀምጦ መጠበቅ አይችልም።

ኢኑቪክ እስከ ጁላይ አጋማሽ ድረስ ፀሐይ ስለማትጠልቅ ልጆቹ አልተኛም ይሏችኋል። ለመስኮት ጥቁር ጨርቅ ያዙ። ለትንኙ ፊት የሚሸፍን መረብ ግዙ፣ ቅባት ብቻውን አይበቃም። ምግብ ከቤት ስነቁ፤ በተለይ የሰኔ ጾም እስከ ጁላይ 12 ስለሚዘልቅ፣ ለሚጾም ሰው መንገድ ላይ ከቺፕስ ሌላ ብዙ አይገኝም። በሶና ድርቆሽ ወርቅ ናቸው። ሙስሊም ከሆናችሁ ደግሞ ኢኑቪክ መስጊድ አለ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ከዊኒፔግ ተሠርቶ በመኪናና በጀልባ ተጭኖ የሄደው።

እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን ወይ ሦስት ሳምንት ፈቃድ እወስዳለሁ፣ ወይ ዋይትሆርስ በአውሮፕላን ሄጄ ደምፕስተርን የሚፈቅድ መኪና እዚያ እከራያለሁ። 10 ቀን ብቻ ካላችሁ ግን ቱክን ተዉትና እስከ ቶምስቶን ፓርክ ሂዱ። ከመገንጠያው 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እውነቱን ለመናገር ከመንገዱ ሁሉ እሱ ያምራል፤ ቱክ ውቅያኖሱን ነክቶ፣ ፎቶ ተነስቶ መመለስ ነው።

በራሳችሁ መኪና ለመሄድ ከወሰናችሁ የቸርኬውን ቁጥርና ስንት ቡሎን እንዳለው ጻፉልኝ። ጋራዥ ውስጥ የተቀመጠች ስኮርታ አለችኝ፣ ከገጠመች ውሰዷት።