መልስ፦ ፓትሪክ ካቫና ገጣሚ ነው ወይስ ልብ ወለድ ጸሐፊ?

አየርላንዳዊው ፓትሪክ ካቫና የሚታወቀው በግጥሙ ነው ወይስ በልብ ወለዱ፣ ንባቡንስ ከየትኛው ልጀምር ብለው ለጠየቁት፦ ሰውየው ከሁሉ አስቀድሞ ገጣሚ ነው። በ1904 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሞናሃን አውራጃ፣ ኢኒስኪን በተባለች የገጠር መንደር፣ ጫማ ከሚሰፋና አነስተኛ እርሻ ከነበረው አባት ተወልዶ፣ ትምህርቱን ገና በልጅነቱ አቋርጦ ለዓመታት ሲያርስ ኖሯል። የመጀመሪያ የግጥም መድበሉ «አራሹና ሌሎች ግጥሞች» በ1936 ታተመ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ የወጣው «አረንጓዴው ሞኝ» የተሰኘ ግለ ታሪኩ ግን በስም ማጥፋት ክስ ምክንያት ከገበያ ተሰበሰበ።

ዋናው ሥራው፣ በእኔ ግምት፣ በ1942 የታተመው «ታላቁ ረሃብ» የተሰኘ ረጅም ግጥም ነው። ርዕሱ በ1840ዎቹ አየርላንድን የፈጀውን ረሃብ ቢያስታውስም፣ ግጥሙ የሚያወራው ስለ እህል እጦት ሳይሆን፣ ፓትሪክ ማጓየር የተባለ ገበሬ በእናቱ፣ በመሬቱና በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተይዞ ሳያገባና ሳይወልድ ስለ ማርጀቱ ነው። የገጠርን ሕይወት ከማሞካሸት እንዲህ የራቀ ግጥም ብዙ አላነበብሁም። በ1948 የታተመው «ታሪ ፍሊን» የተባለው ልብ ወለዱ ወደዚያው ዓለም ይመለሳል፣ ነገር ግን በፈገግታ፤ ስለዚህ ከእርሱ ቢጀምሩ አይከብድዎትም።

በ1955 በሳንባ ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ፣ በደብሊን የውኃ ቦይ ዳር እያገገመ ሳለ የተጸነሱት ግጥሞቹ ደግሞ ድምፃቸው ፈጽሞ የተለየ፣ የተረጋጋና አመስጋኝ ነው።