«ሰርጅን» በአማርኛ ምን ይባል? ለበራሪ ወረቀቱ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽ «ከዳባትና ከአይከል ወደ ጎንደር ለሚመጡ ታካሚዎች የአማርኛ በራሪ ወረቀት እያዘጋጀሁ ነው፤ ሰርጅንን የቀዶ ጥገና ሐኪም ልበለው፣ ቀዶ ሐኪም ወይስ ወጌሻ?» የሚል ነው። «የቀዶ ጥገና ሐኪም» በይው። ወጌሻን ግን በምንም መንገድ አታስገቢው።

«ቀዶ» የወጣው «ቀደደ» ከሚለው ግስ ነው፤ «ዶ» ጠብቆ ይነበባል። ውኃ ከመቅዳት ጋር ዝምድና የለውም፤ ከ«ቀዳ» ቢመጣ ኖሮ «ቀድቶ» ይሆን ነበር። አሠራሩ እንደ «አርሶ አደር» እና እንደ «ሠርቶ ማሳያ» ነው፦ ቀድዶ መጠገን። «ጥገና» ዛሬ ጋራዥን ቢያስታውስም የተሰበረ አጥንትም ሲጠገን ኖሯል። «ሰርጅን» የሚለው ቃል ሥሩ የግሪክ ሲሆን «የእጅ ሥራ» ማለት ነው። የእኛው ግን ድርጊቱን ራሱን ይናገራል፤ ይከፈታል፣ ተመልሶም ይጠገናል። ለፈራ ታካሚ ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ቀዶ ሐኪም» በሙያው ውስጥ ያሉት ለማሳጠር የሚሉት ትክክለኛ አጠራር ነው፤ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያነብ ሰው ግን መቅደዱ ብቻ ስለሚቀርለት ጥገናውን አትቁረጭበት። «ቀዶ ጠጋኝ» የሚልም አለ፣ ስህተት የለበትም። «ቀዳጅ» ግን አይሆንም፤ በሰፈር አነጋገር «ቀደደ» ማለት ዋሸ ማለትም ነውና።

ብዙ ወረቀት የሚበላሸው በግሱ ነው። «እናቴ ቀዶ ጥገና አደረገች» ሲባል ሁላችንም ታካሚዋ እሷ እንደሆነች እንረዳለን፤ «ዶክተሯ ቀዶ ጥገና አደረገች» ሲባል ደግሞ ሠሪዋ ናት። በንግግር ዐውዱ ያድናል። በወረቀት ላይ ግን «ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው ለ6 ሳምንት ከባድ ዕቃ አያንሳ» ብለሽ ብትጽፊ ሐኪሙን ነው ታካሚውን? «ቀዶ ጥገና የተደረገለት» ወይም «የተደረገላት» በይ። እንዲሁም «የቀዶ ጥገና ሐኪሙ» እና «የቀዶ ጥገናው ሐኪም» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ሙያውን ይጠራል፤ ሁለተኛው ያንኑ አንድ ቀዶ ጥገና የሠራውን ሰው ነው። ለክትትል ቀጠሮ የምትፈልጊው ሁለተኛውን ነው።

ቃሉ ብቻውን ሰውን ወደ ትክክለኛው በር አያደርስም። «ጠቅላላ ሐኪም» ሕክምና ተምሮ የተመረቀ፣ ገና ስፔሻሊስት ያልሆነ ነው፤ «ጠቅላላ የቀዶ ጥገና ሐኪም» ግን ከዚያ በኋላ 4 ዓመት በሬዚደንትነት፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ፣ የተማረ ነው። «ጠቅላላ» የምትለው ቃል ስለምታምታታ ሁለቱን በአንድ መስመር አታስቀምጪ። ትርፍ አንጀት፣ ቡአ፣ እንቅርት፣ የሐሞት ጠጠር፣ የአንጀት መታጠፍ ወደ ጠቅላላ የቀዶ ጥገና ሐኪም ይሄዳሉ። በቀዶ ጥገና መውለድ የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ሥራ ነው። የዓይን ሞራ የዓይን ሐኪም፣ ስብራት የአጥንት ሐኪም። «የነርቭ ሐኪም» እና «የነርቭ ቀዶ ጥገና ሐኪም» ደግሞ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ወደ ሁለተኛው ብትልኪው ቀኑን በከንቱ ያሳልፋል።

ሌላው ለጎንደር ሰው በተለይ የሚያስፈልገው፦ በቀዶ ጥገና ያከመ ሁሉ የቀዶ ጥገና ሐኪም አይደለም። በ1954 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኮንኖችን፣ ማለትም ዶክተር ሳይሆኑ ሕመምተኛ የሚያክሙ ባለሙያዎችን፣ ሲያሠለጥን ኖሯል። ከጤና መኮንኖች መካከል 3 ዓመት በሁለተኛ ዲግሪ ተምረው ድንገተኛ ቀዶ ጥገና የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፤ ከትልቅ ከተማ ርቆ ባለ ሆስፒታል እናትን በምጥ መሃል የሚያተርፉት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ክብራቸው ሳይነካ በትክክለኛ ስማቸው ይጠሩ፦ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ። ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ማለት ለታካሚው አይጠቅመውም፤ ሪፈር ሲጻፍለት ማን እንዳየው መናገር አለበትና።

አሁን ወጌሻ። ወጌሻ ወለምታ የሚያሽ፣ ስብራት የሚያስር የባህል አዋቂ ነው። የስፖርት ቡድንም ወጌሻ አለው። ሰርጅን በዚህ ስም ከተጠራ፣ እጁ የተሰበረ ልጅ ያለው አባት መጀመሪያ ወደ ሰፈሩ ወጌሻ መሄዱን ትክክል ነው ብሎ ያስባል። አደጋው ማሰሪያው ላይ ነው። ከስብራት በኋላ አካሉ እያበጠ ይሄዳል፣ በጥብቅ የታሰረው ቀርከሃ ግን አይለጠጥም፤ ደም መመላለሱ ይቋረጥና አካሉ ይሞታል፣ መጨረሻው መቁረጥ ይሆናል። ወረቀትሽ ላይ ቦታ ካለ ይህን ጨምሪ፦ «ከታሰረ በኋላ ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታ፣ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይምጣ»።

ለአረጋውያን ደግሞ «ኦፕራሲዮን» የሚለውን አትናቂው፤ «ቀዶ ጥገና» ለማያውቅ ሰው የሚገባው እሱ ነው። መጀመሪያ ሲመጣ «የቀዶ ጥገና ሐኪም፣ ማለትም ኦፕራሲዮን የሚሠራው ሐኪም» ብለሽ ጻፊ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ወረቀቱ መጨረሻ «የቀዶ ጥገና ሐኪም» ብቻ። በየአንቀጹ ስሙን ከቀያየርሽው አንባቢው ሦስት ዓይነት ሐኪም ያለ ይመስለዋል። በበሩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍም ከወረቀቱ ጋር ቃል በቃል አንድ መሆኑን አረጋግጪ፤ ማንበብ የማይችለው ሰው ወረቀቱን ይዞ ፊደሉን ከበሩ ጋር እያስተያየ ነው የሚፈልገው።