ለወጣት ፋርማሲስቶች፦ ሚቶኮንድሪያን ከፈተና በኋላም አትርሱት

ልጆቼ፣

ቱሉ ዲምቱ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎችን ስለ ራይቦዞም፣ ማለትም በሕዋስ ውስጥ ፕሮቲን ስለሚሠራው አካል፣ ስጠይቃቸው «70ኤስ የባክቴሪያ፣ 80ኤስ የሰው» ብለው ፈጥነው ይመልሱልኛል (ኤስ በሴንትሪፉጅ ሲሽከረከር የሚዘቅጥበትን ፍጥነት ይለካል)። ልክ ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። የሕዋስ ጉልበት ማመንጫ በሆነው በሚቶኮንድሪያችን ውስጥ የራሱ የሆነ ሌላ ራይቦዞም አለ፤ 55ኤስ ይባላል። እኔ ስማር ቅርጹን በዝርዝር ያየ ሰው አልነበረም። የሰው ሙሉ መዋቅሩ በክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ጥርት ብሎ የታየው በ2015 እ.ኤ.አ. ነው።

ያንን ሥዕል ፈልጋችሁ ደጋግማችሁ እዩት። የባክቴሪያው ራይቦዞም አብዛኛው አርኤንኤ ሲሆን በዚህኛው ፕሮቲን ያመዝናል፤ 80 ገደማ ፕሮቲኖች አሉት። ባክቴሪያ ዘንድ 5ኤስ አርኤንኤ በሚገኝበት ቦታ፣ በሰው ቫሊን የተባለውን አሚኖ አሲድ የሚሸከም ቲአርኤንኤ ገብቶ ተቀምጧል። እኔን ዛሬም ያስደንቀኛል! ይህ ሁሉ የሚሠራው 13 ፕሮቲኖችን ብቻ ነው፤ ያለ እነሱ ግን ሕዋስ በኦክስጅን ጉልበት ማመንጨት አይችልም።

ዙሪያው ይህን ያህል ቢለወጥም፣ አሚኖ አሲዶች የሚጋጠሙበት እምብርቱ የባክቴሪያውን ይመስላል። የእኛ ሙያ የሚነካው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የሚታከም ሰው «መርገጫዬን ያቃጥለኛል፣ ቢኮምፕሌክስ ስጡኝ» ብሎ መጣ። ተለማማጇ ብልቃጡን አንስታ ነበር። የሚወስደውን እንዲያሳየን ስንጠይቀው ከፌስታሉ ሊኔዞሊድ 600 ሚሊግራም አወጣ። ለወራት ወስዶታል። ሊኔዞሊድ የባክቴሪያውን ራይቦዞም ሲያስቆም የሚቶኮንድሪያውንም ይነካል፤ ሲቆይ ነርቭ ይጎዳል፣ ደም ያሳንሳል። ቫይታሚኑን ሸጠን ብንሸኘው ኖሮ ጉዳቱ ተሸፍኖ ይቀጥል ነበር። አቁም ማለትም የእኛ ሥልጣን አይደለም፤ ቲቢው ይብስበታል። ያየነውን ጽፈን በዚያው ቀን ወደሚታከምበት ጤና ተቋም ላክነው።

ጄንታማይሲን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መርፌም እንዲሁ ነው። አንዳንድ ሰው በሚቶኮንድሪያው ራይቦዞም 12ኤስ አርኤንኤ ላይ፣ 1555ኛው ቦታ፣ በኤ ፊደል ፈንታ ጂ ይዞ ይወለዳል። በዚህች አንዲት ለውጥ ትንሹ የራይቦዞም ክፍል የባክቴሪያውን ይበልጥ ይመስልና መድኃኒቱ ይይዘዋል፤ በተለመደው መጠን እንኳ ጆሮ ሊያደነቁር ይችላል። የሚወረሰው በእናት በኩል ነው። ስለዚህ መርፌውን ከማስረከባችሁ በፊት «በእናትህ ወገን መርፌ ተወግቶ ጆሮው የጠፋ ሰው አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አለ ካላችሁ አትስጡ፤ መጀመሪያ ላዘዘው ሐኪም ደውሉ።