የትልቅ ሰው ቤት ስትጎበኙ ከማድቤቱ ጀምሩ

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ በሕንፃ ምሕንድስና የሠራሁ በመሆኔ፣ ከአገር ቤት ዘመድ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ በመጣ ቁጥር ማውንት ቨርነንን የማስጎበኘት ሥራ የእኔ ሆኖ ቀርቷል። ቦታው የመጀመሪያው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የጆርጅ ዋሽንግተን የገጠር መኖሪያ ሲሆን፣ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ከአሌክሳንድሪያ በስተደቡብ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ይገኛል። በተማሪነታችሁ አንድ ጊዜ አይታችሁት «አውቀዋለሁ» ብላችሁ የተዋችሁት ትኖራላችሁ። እንደገና ሂዱ እላችኋለሁ፤ በዚህኛው ጉዞ ግን አካሄዳችሁን ለውጡ።

ጎብኚ ሁሉ በቅድሚያ ዓይኑን የሚጥለው በቤቱ ፊት ላይ ነው። ከሩቅ ሲታይ በተጠረበ ድንጋይ የተሠራ ይመስላል፤ ቀርባችሁ ስትመረምሩት ግን የጥድ ሳንቃ ነው። የሳንቃው ጠርዝ እየተጠረበ የድንጋይ መልክ እንዲይዝ ከተደረገ በኋላ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ አሸዋ ተረጭቶበታል። እንደ ባለሙያ ይህን ማጭበርበር አልለውም። (ብሎኬቱን በስስ የድንጋይ ልባስ የሚሸፍኑ የዛሬ ግንበኞችም ነገሩን አዲስ ፈጠራ ባያደርጉት ይሻላል።) ሆኖም ባለቤቱ በሰው ፊት እንዴት መታየት እንደሚፈልግ አጥብቆ ያሰበ ሰው እንደ ነበር ግድግዳው ራሱ ይናገራል።

እኔም ለብዙ ጊዜ እንግዶቼን የማቆመው እዚያው ግድግዳ ሥር ነበር። አንድ ጊዜ ግን አክስቴን ይዤ ሄድኩ። ስለ ሳንቃው የምሰጠውን ማብራሪያ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ ወደ ማድቤቱ አመሩ። ማድቤቱ እንደ እኛ አገር የቀድሞ ቤቶች ከዋናው ቤት ተለይቶ የተሠራ ነው፤ እሳትና ጭስ የሚፈራ ሰው በየትም አገር ያው ነው። ምድጃውን አዩና «ውሃውን የሚቀዳው ማን ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ስፈልግ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1799 ዋሽንግተን ሲሞት በእርሻው ላይ 317 ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። ከምድጃው ፊት ይቆም የነበረው ዋና ወጥ ሠሪ ሄርኩለስ፣ በ1797 ጌታው 65 ዓመት በሞላበት ዕለት ጠፍቶ አመለጠ። የወይዘሮ ማርታ ዋሽንግተን አገልጋይ የነበረችው ኦና ጀጅ ደግሞ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ቤተሰቡ ፊላዴልፊያ ሳለ፣ ራት ላይ እንደ ተቀመጡ ወጥታ ሄደች። ፕሬዚዳንቱ ሊያስመልሷት ደጋግመው ቢሞክሩም እስከ ዕለተ ሞቷ ሳትያዝ ኖራለች። በዋናው ቤት መተላለፊያ ላይ የተሰቀለውን፣ ፈረንሳዊው ጄኔራል ላፋዬት የነፃነት ምልክት አድርጎ የላከላቸውን የባስቲል (በፈረንሳይ አብዮት ሕዝቡ ሰብሮ የያዘው የፓሪስ እስር ቤት) ቁልፍ ስታዩ ይህችን ሴት አስቧት።

ዋሽንግተን በ1799 በጻፉት ኑዛዜ የራሳቸው የነበሩት 123 ሰዎች ማርታ ስትሞት ነፃ እንዲወጡ አዘዋል፤ ማርታም ሞቷን ሳትጠብቅ በጥር 1801 ነፃ ለቀቀቻቸው። ከመጀመሪያ ባሏ ንብረት የመጡት ግን በሕግ የወራሾቹ ስለነበሩ በባርነት ቀሩ። የሁለቱ ወገን ሰዎች ተጋብተው ልጆች ወልደው ስለነበር፣ አባት ነፃ ሲወጣ እናትና ልጆች ለወራሾች የተከፋፈሉባቸው ቤተሰቦች አሉ። ጆርጅ ዋሽንግተንን ስታደንቁም ስትወቅሱም ይህን ኑዛዜ ራሳችሁ አንብባችሁ ይሁን፤ በሁለቱም በኩል ችኩል ሰው ገጥሞኛል።

ቤቱ ዛሬ የቆመው በ1858 የሴቶች ማኅበር በ200,000 ዶላር ገዝቶ ስላዳነው ነው። የጥገናውን ሥራ ማየት ለሙያው ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ስለዚያ ሌላ ጊዜ እጽፍላችኋለሁ።

ከመውጣታችሁ በፊት ከዋሽንግተን መቃብር አልፋችሁ ወደ ባሮቹ መካነ መቃብር ውረዱ። በ1983 የቆመውን መታሰቢያ ሐውልት የነደፉት የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ በጊዜው የእናንተ እኩያ ነበሩ። በዙሪያው ያሉት መቃብሮች የስም ድንጋይ ስለሌላቸው፣ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች አፈሩን በስሱ እየገፈፉ አንድ በአንድ ሲለዩአቸው ቆይተዋል። መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ የሚመች ጫማ አድርጉ፤ አክስቴ ነጠላቸውን አጣፍተው እዚያ የቆሙትን ያህል ለመቆምም ጊዜ ያዙ።