ስለ ዲሲ ጄኔሬተር ለጠየቃችሁኝ

ስለ ቮልሴ ዲናሞ፣ ማለትም ባትሪ ስለሚሞላው የመኪናዋ ዲሲ ጄኔሬተር፣ ካወራሁ ወዲህ ጥያቄው ጎርፏል። የምችለውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዲሲ ጄኔሬተር ውስጥ የሚመነጨው ራሱ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ከረንት) ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ማግኔት መሃል የሚሽከረከር ጥቅል ሽቦ የሚያመነጨው ኤሲ ነው፤ አቅጣጫው ይገለባበጣል። የሚያቃናው ኮሚዩቴተሩ ነው። ዲናሞ ፈታችሁ ካያችሁ ዘንጉ ጫፍ ላይ በክብ የተደረደሩ የመዳብ ቁርጥራጮች አሉ፤ ኮሚዩቴተር ማለት እሱ ነው፤ በመካከላቸው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ማይካ ገብቷል። ሽቦው ውስጥ ከረንቱ ሲገለበጥ ካርቦኑ (መዳቡን እየነካ ከረንቱን ወደ ውጭ የሚያወጣው ብሩሽ) ወደ ቀጣዩ መዳብ ይሻገራል። ስለዚህ ወደ ውጭ የሚወጣው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ማግኔቱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ከየት መጣ?

ጎበዝ! ከብረቱ ነው። አንዴ ማግኔት የሆነ ብረት ጥቂት ይቀርበታል። አርማቸሩ (የሚሽከረከረው ጥቅል) ሲዞር ያቺ የማግኔት ቅሪት ትንሽ ቮልት ትሰጣለች። እሱ ወደ ፊልዱ (ብረቱን ማግኔት ወደሚያደርገው ጥቅል ሽቦ) ይገባል፣ ማግኔቱ ይጠነክራል፣ ቮልቱም ያድጋል፤ ብረቱ እስኪጠግብ፣ ማለትም ማግኔትነቱ ከዚያ በላይ ብዙም አልጨምር እስኪል ድረስ።

ቅሪቱ ከጠፋ ግን ቢዞር ቢዞር ወፍ የለም። ቮልሴ ለዓመታት ቆማ ስትነሳ የገጠመኝ ይኸው ነው። መካኒኩ «ዲናሞው ሞቷል፣ ቀይር» አለኝ። ከባትሪው ሽቦ አውጥቼ ፊልዱን ለአፍታ ነካ አደረግሁት። ብልጭ አለ። ሞተሩን ሳስነሳ ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው፣ ዲናሞው እንደማያመነጭ የምትጠቁመው ቀይ መብራት ጠፋች። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ከተምታታባችሁ ግን ጄኔሬተሩም ተገልብጦ ያመነጫል።

ጥያቄ፦ ሹንት፣ ሲሪስ፣ ኮምፓውንድ የሚባሉት የዲሲ ጄኔሬተር ዓይነቶች በምን ይለያያሉ?

ፊልዱ በተቀጠለበት ቦታ። ሹንት ላይ ቀጭን ሽቦ ብዙ ዙር ተጠቅልሎ ከአርማቸሩ ጎን ለጎን ይገናኛል፤ ጭነት ሲበዛበት ቮልቱ ትንሽ ይወርዳል። ሲሪስ ላይ ወፍራም ሽቦ ጥቂት ዙር ተጠቅልሎ ከአርማቸሩ ጋር በተከታታይ ይገናኛል፤ ጭነት ሲጨምር ቮልቱም ይጨምራል፣ ለቤት መብራት አይሆንም። ኮምፓውንድ ሁለቱንም ይዞ የአንዱን ጉድለት በሌላው ይሸፍናል። ፊልዱን ከሌላ ምንጭ የሚመግቡትም አሉ።

ጥያቄ፦ የብስክሌት ዲናሞስ?

ስሙ ነው እንጂ ኤሲ ነው። የሚዞረው ማግኔቱ ነው፣ ኮሚዩቴተርም የለውም። አምፖሉ እንደሆነ ግድ የለውም።

ጥያቄ፦ መኪና ላይ ለምን በአልተርኔተር ተተካ?

ትራፊክ መብራት ላይ ስትቆሙ፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ ዲናሞ ብዙም አያመነጭም። ትልቁ ከረንትም የሚወጣው በካርቦኑ በኩል ስለሆነ ቶሎ ይበላል። አልተርኔተር ትልቁን ከረንት ከማይዞረው ጥቅል ይወስድና በዳዮድ (ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዕቃ) ያቃናዋል። ጋራዥ ስትሄዱ ግን እሱንም «ዲናሞ» ነው የሚሉት።