ከኬሞቴራፒ በኋላ የእርምጃ ግብ ስለሚሰጡ የኦንላይን ፕሮግራሞች

ውድ እህቴ፣ ኬሞቴራፒ ጨርሰው ድካሙ አልለቅ እንዳለዎት፣ በስልክዎ የጫኑት የእግር ጉዞ ፕሮግራም ደግሞ በቀን 10,000 እርምጃ እየጠየቀ ተስፋ እንዳስቆረጠዎት ጽፈው፣ ይቀጥሉበት ወይስ ይተዉት እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ የጡት ካንሰር ሕክምናዬን ከጨረስኩ በኋላ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ተከታትያለሁ። በእኔ እምነት መራመዱን አይተዉ፤ የሚተዉት ቁጥሩን ነው።

10,000 የሚለው ግብ እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ የመጣ እንጂ ለካንሰር ታካሚ የታዘዘ ልክ አይደለም። በደቡብ አውስትራሊያ ከካንሰር ላገገሙ ሰዎች የተዘጋጀውን ስትራይድ የተባለ የ12 ሳምንት የኦንላይን ፕሮግራም የወደድኩት፣ ተሳታፊው እርምጃውን ብቻ ሳይሆን ጉዞው ምን ያህል እንዳደከመውና ምን ስሜት እንዳሳደረበት ጭምር እንዲመዘግብ አድርጎ፣ ቀጣዩን ግብ ከዚያ ተነሥቶ ስለሚወስንለት ነው።

የእኔ ትልቁ ችግር ከድካሙ ይልቅ እግሬ ነበር። ፓክሊታክሴል የተባለው የኬሞቴራፒ መድኃኒት ውስጥ እግሬን ስላደነዘዘው፣ በስላይጎ ክሪክ መንገድ ላይ የዛፍ ሥር አስፋልቱን ያነሣበትን ቦታ ዓይኔ ካላየው እግሬ አያውቀውም ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ የገበያ ማዕከል ውስጥ፣ ወለሉ ለጥ ባለበት፣ ሰፋ ያለ ጫማ አድርጌ እራመድ ነበር፤ የትኛውም የእርምጃ መቁጠሪያ ይህን አይነግርዎትም። ሊጠይቁኝ የሚመጡ ዘመዶቼም በፍቅር «ተኚ፣ ራስሽን አታድክሚ» ይሉኝ ነበር። ነገር ግን የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ የሰበሰባቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2019 እንዳሳወቁት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለ30 ደቂቃ ያህል መጠነኛ እንቅስቃሴ ማድረግ ከካንሰር ጋር የሚመጣውን ድካም ይቀንሳል።

እ.ኤ.አ. በ2025 ውጤቱ የታተመው ቻሌንጅ የተባለ ጥናት፣ ኬሞቴራፒ የጨረሱ 889 የአንጀት ካንሰር ታካሚዎችን ተከታትሎ ነበር። ለሦስት ዓመት በባለሙያ ድጋፍ እንቅስቃሴ ካደረጉት መካከል በአምስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ ሳይመለስባቸው በሕይወት የቆዩት 80.3 በመቶ ሲሆኑ፣ የጤና ትምህርት ጽሑፍ ብቻ ከተሰጣቸው ግን 73.9 በመቶ ናቸው። ይህ የአንጀት ካንሰርን የሚመለከት ቢሆንም፣ ሰዎቹን ያበረታቸው ሳይሰለች የሚከታተላቸው ባለሙያ መኖሩ ይመስለኛል። ስለዚህ የሚጽፉትን አንብቦ የሚመልስ ሰው ያለበት ፕሮግራም ካገኙ እሱን ይምረጡ።

ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ በተለይ ካንሰሩ ወደ አጥንት ተሰራጭቶ ከሆነ፣ የደም ማነስ ካለብዎት ወይም ልብን የሚጎዳ እንደ ዶክሶሩቢሲን ያለ መድኃኒት ወስደው ከሆነ። ሲራመዱ ደረትዎን ካመመዎት ወይም ካዞረዎት ወዲያውኑ ያቁሙና ለሐኪምዎ ይደውሉ።

ለጊዜው ግቡን ከስልክዎ ያጥፉትና ለአንድ ሳምንት እንደወትሮዎ እየዋሉ እርምጃዎን ብቻ ይመዝግቡ። ከዚያ በአማካይ በሚያገኙት ላይ ጥቂት መቶ እርምጃ ጨምረው ይሞክሩ፤ በማግስቱ ከአልጋ መነሣት ካቃተዎት ግን ወደ ቀድሞው ይመለሱ።