መሪው የሚንቀጠቀጠው ተጓዥ ቤት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ ነው። ከወንድሜ ጋር አንድ አይሱዙ ቅጥቅጥ ገዝተን፣ ወንበሩን ነቅለን አልጋ፣ ምድጃና የውሃ ታንከር ገጠምንበት፤ ቱሪስት ይዘን ወደ ቦንጋና ሚዛን ልንወጣበት ነው። ጎማው 7.50-16 ነው፣ የኋላው ድርብ። ችግሩ 70 ላይ ስንደርስ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ 85ን ሲያልፍ ይቀንሳል። ባላንስ (የጎማውን ክብደት ዙሪያውን ማስተካከል) አስደረግን፣ ደህና ሆነ፤ ከዚያ ዝናብ መጣና ጭቃ ውስጥ ገብተን ስንወጣ ያው ሆነ። ስድስቱንም እንደገና ባላንስ እናስደርግ? አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ) ነው የሚሉንም አሉ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። የጅማን ቀይ ጭቃ እኔ ላንተ አልነግርህም። ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ውስጠኛ ጎን ላይ ይለጠፍና ሲደርቅ በእጅ የማይላቀቅ ይሆናል። አጣቢ ልጆች ደግሞ የሚያጥቡት የሚታየውን ነው። ስለዚህ ብር ከማውጣትህ በፊት ከሥር ግባና የፊት ሁለቱን ቸርኬ ከውስጥ በካቻቪቴ ፋቅ ፋቅ አድርገህ በውሃ እጠብ። ጎማው ጥርስ ውስጥ የተሰነቀረ ጠጠር ካለም አውጣ። ከዚያ ነድተህ እየው። ምናልባት ጨዋታው እዚያው ያልቃል።

ትንሽ ጭቃ ይሄን ያህል ምን ያደርጋል ብለህ እንዳትንቅ። የናንተ ጎማ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ ወደ 9 ጊዜ ይዞራል። ጎማው ዳር ላይ 100 ግራም ትርፍ ክብደት ቢኖር በዚያ ፍጥነት ጎማውን ወደ 12 ኪሎ በሚሆን ኃይል ይጎትተዋል፣ በ40 ደግሞ ወደ 3 ኪሎ ብቻ። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፤ ከተማ ውስጥ ምንም የማይሰማህ ለዚህ ነው።

አላይመንት የሚሉህን ተዋቸው። አላይመንቱ የተበላሸ መኪና ወደ አንድ ጎን ይስባል፣ ጎማ ባንድ በኩል ይበላል፤ 70 ላይ ጀምሮ 85 ላይ የሚለቅ መንቀጥቀጥ ግን ብዙ ጊዜ የባላንስ ነው። ፍሬን ስትይዝ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ታምቡሩን አሳይ። በ20 እና በ30 እየተወላገደ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ ጎማው ውስጥ ሽቦው ለቆ ሊሆን ስለሚችል ያን ጎማ ይዘህ ወደ ጊቤ በረሃ እንዳትወርድ፣ ቀይረው።

ታጥቦም ካልተሻለው ሜዳ ቦታ አቁመህ፣ የኋላውን በድንጋይ አስደግፈህ፣ ፊቱን በክሪክ አንሳ። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘህ ወዘወዝ አድርገው፤ ቋ ቋ ካለ ኩሽኔታ ወይም ሌላ የላላ ነገር አለ፣ እሱ ሳይሠራ ባላንስ ከንቱ ነው። ቀጥሎ ጠመኔ መሬት ላይ በተደገፈ ነገር አስደግፈህ ጥርሱ አጠገብ ያዝና ጎማውን ቀስ ብለህ አዙር። ባንድ ቦታ ብቻ ጠመኔው ከነካ ጎማው ክብ አይደለም ወይም ቸርኬው ላይ በትክክል አልተቀመጠም። ጎማው ጎን ላይ፣ ቸርኬው ጠርዝ አጠገብ፣ ዙሪያውን የሚሄድ ቀጭን መስመር አለ፤ ከቸርኬው ያለው ርቀት ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። እኩል ካልሆነ ጎሚስታው አስተንፍሶ፣ ጠርዙን በሳሙና ውሃ አርሶ፣ እንደገና ይንፋው። ክብ ያልሆነ ጎማ ላይ የባላንስ ክብደት (እርሳስ) ብትደረድር ያው ይነጥራል።

አሁን ወደ ባላንሱ። የቤት መኪና ባላንስ ማሽን ላይ የአይሱዙ ቸርኬ ሲያስሩ አይቻለሁ። መሐሉ ያለው ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ ቸርኬውን መሐል ላይ የሚይዘው የማሽኑ ኮን በደንብ አይዘውም፣ ማሽኑም ዝም ብሎ ቁጥር ይሰጣል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ ሰውዬው ጨርሶ ዜሮ ሲያሳይህ፣ "እስቲ ፈተህ ግማሽ ዙር አዙረህ እንደገና እሰረው" በለው። ሲሽከረከር አሁንም ዜሮ አካባቢ ከሆነ ሥራው ሥራ ነው። 60 ወይም 80 ግራም ካለህ ግን ቸርኬው መሐል ላይ አልታሰረም ማለት ነው፤ ሒሳቡን ሳትከፍል ተነጋገሩ። ቅር ቢለውም ጠይቅ!

ስድስቱን ሁሉ አያስፈልግም። መሪ ላይ የሚሰማ የፊት ነው፣ ሁለቱን አስደርግ። መቀመጫና ወለል ሲንቀጠቀጥ ነው ወደ ኋላ የምትሄደው፤ ያኔም ከካምቢዮ ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ አብረህ አሳይ። ድርቡ ላይ ከባላንስ ይልቅ የሚያሳስበኝ የሁለቱ ጎማ ቁመት ነው። አንዱ አዲስ አንዱ ያለቀ ከሆነ ትልቁ ጭነቱን ብቻውን ይሸከምና ይግላል።

ሌላው ታንከሩ ነው። 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ ነው። ባንድ ጎን ከሆነ ምድጃውንና ጋዙን በሌላው ጎን አድርጉ። ንፋሱንም ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል ለካ፤ መንገድ ላይ ግሎ ቢጨምር እንዳታስተነፍሰው።

ጥያቄ፦ እኔም ከጅማ ነኝ። ጎማ ውስጥ አሸዋ ቢጨመር ራሱ ባላንስ ያደርጋል ይባላል፤ እውነት ነው? ደግሞ የኛ መኪና ክረምቱን ቆሞ ሲወጣ መጀመሪያ ይንቀጠቀጥና ትንሽ ሄዶ ይተወዋል።

መልስ፦ እህቴ፣ አሸዋውን ተዪው። ለዚህ ተብለው የሚሠሩ ትንንሽ ድቡልቡል ፍሬዎች አሉ፣ ጎማው ሲዞር ክብደት ወደ ጎደለበት ይሄዳሉ፤ የሚሠሩት ግን ውስጡ ደረቅ ሲሆን ነው። አሸዋ እርጥበት ይስባል፣ ይቋጠራል፣ ካላማዳሪም ይበላል።

ቆሞ የሚንቀጠቀጠው መሬት የነካው የጎማ ክፍል ጠፍጠፍ ስለሚል ነው፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ክረምቱን ስታቆሙት ንፋሱን ሙሉት፣ አልፎ አልፎም ትንሽ ገፋ አድርጉት። በዚያው ጎማው ጎን ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር እዪ፦ 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ብዙ የሚቆም መኪና ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። አምስት ዓመት ካለፈው በየዓመቱ ጎኑ መሰነጣጠቁን አሳዪ፤ አሥር ከሞላው ጥርሱ አዲስ ቢመስልም አውጪው።